የዓለም ዜጋ ጎረቤቱን ያውቃል

በሰኔ ወር፥ ሰማዩ ጠቍሮ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ በሚልበት ጊዜ፥ በአዲስ አበባ ከሚገኙት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በአንደኛው ግቢ የምረቃ በዓል ሲደረግ የተመለከተ ሰው ልቡ ደስ ይለዋል። ካባ የለበሱ ወጣቶች በሰልፍ ይገባሉ። ከነሱም መካከል የጋና ልጅ አለ፤ የሕንድ ልጅ አለ፤ የስዊድን ልጅ አለ፤ የኛም አገር ልጆች አሉ። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዘፈኑም፥ ቀልዱም፥ ምስጋናውም እንዲሁ በእንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ ከወላጆች ወንበር በአንዱ ላይ ነጭ ነጠላቸውን የተከናነቡ ባልቴት አይታጡም። የልጅ ልጃቸው ሲመረቅ ለማየት ከባላገር የመጡ ናቸው። ሰው ሲያጨበጭብ ያጨበጭባሉ፤ ሰው ሲስቅ ፈገግ ይላሉ። በዓሉም ካበቃ በኋላ ልጁን አቅፈው፥ ጉንጩን እያገላበጡ ስመው፥ «ልጄ፥ እንግዲህ ምን ሆንክ?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ ሦስት ቋንቋ ያውቃል። ነገር ግን ለዚህች አጭር ጥያቄ በአያቱ ቋንቋ የሚመልሰው ቃል ያጥረውና ወደ እናቱ ዘወር ይላል፤ እናቱም ታስተረጕምለታለች።

በዚህ ነገር ልጁን ለመውቀስ አንቸኩል። ወደዚያ ትምህርት ቤት ያስገባነው እኛው ነን፤ እንግሊዝኛውንም ሲያንበለብል ደስ ብሎን ያጨበጨብንለት እኛው ነን። ዳሩ ግን የአያቲቱ ጥያቄ ሊታለፍ የማይገባው ጥያቄ ነው። ወጣቱ ምን ሆነ? ያ ሁሉ ትምህርት፥ ያ ሁሉ ገንዘብ፥ ያ ሁሉ ቋንቋ የተከማቸው ለማን ነው?

ያገራችን ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይላል። ይህን ያህል ከባድ እምነት በተማረ ሰው ላይ የጣለ ሕዝብ ብዙ አይገኝም። እምነት ግን ብድር ነው፤ ብድርም ይከፈላል። የዛሬው ጽሑፋችን ከዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የሚመረቅ ወጣት ይህን ብድር እንዴት ሊከፍል እንደሚችል ለመመርመር የታሰበ ነው። በጽሑፉም ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንፈልጋለን።

ትምህርት ቤቶቹ ለምን ተቋቋሙ?

ብዙ ሰው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ማለት የባለጸጋና የዲፕሎማት ልጅ መንደላቀቂያ ይመስለዋል። የሐሳቡ መነሻ ግን የጦርነት ሐዘን ነው። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ወጣት እንደ ቅጠል ከረገፈ በኋላ፥ መንግሥታት ጠባቸውን በሸንጎ ተነጋግረው እንዲጨርሱ ተብሎ የመንግሥታት ማኅበር ተመሠረተ፤ መቀመጫውንም በስዊስ አገር በጄኔቭ ከተማ አደረገ። ከየአገሩ ተሰብስበው በዚያ የሚሠሩት ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ቦታ ስላስፈለጋቸው በ1924 በጄኔቭ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሲጀመር ተማሪዎቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ሐሳቡ ግን ትልቅ ነበር፤ አባቶች በአንድ ሸንጎ ከተቀመጡ፥ ልጆችም በአንድ ወንበር ተቀምጠው ቢማሩ፥ ነገ አንዱ በሌላው ላይ ጠመንጃ ለማንሣት እጁ ይከብደዋል የሚል ነበር።

አገራችን ኢትዮጵያም በ1923 የዚያ ማኅበር አባል ሆና ነበር። የደረሰባትን ግን ሁላችንም እናውቃለን። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ በወረራት ጊዜ፥ አንዱ አባል ቢጠቃ ሌሎቹ ይረዱታል ተብሎ የተጻፈው ቃል ሳይጠበቅ ቀረ። ማኅበሩም በ1946 ፈረሰ። ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። የዓለም ወንድማማችነት በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ሲጠፋ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ትልቁ ሥራ ቃል የሚጠብቅ ሰው ማውጣት ነው።

በ1968 በዚያው በጄኔቭ የተመሠረተውና ዛሬ በብዙ አገር፥ በአዲስ አበባም ጭምር የሚሰጠው የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ዲፕሎማ ይህን ነገር ሳይዘነጋ ተዘጋጅቷል። ተማሪው የሒሳቡንና የሳይንሱን ፈተና ቢያልፍም፥ ከፈተናው ውጭ ለሰው የሚጠቅም አገልግሎት መፈጸሙን ካላሳየ ዲፕሎማውን አያገኝም። ነገሩ መልካም ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። አንዳንድ ተማሪ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ አንድ ቀን ሄዶ፥ ሕፃን አቅፎ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ወረቀቱን አስፈርሞ ይመለሳል። ከምረቃውም በኋላ ያን ደጅ ዳግመኛ አይረግጠውም። እንደዚህ ያለው አገልግሎት ለአገልጋዩ ምስክር ወረቀት ያስገኝለታል እንጂ ለሕፃኑ የሚተርፈው ነገር የለም።

ለተመራቂዎች የተጻፈ ደብዳቤ

የአንድ ትምህርት ቤት ፍሬ የሚታወቀው በምረቃው ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ለዚህም ኩርት ሐን የተባለው ጀርመናዊ መምህር ያደረገው ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ሐን በ1886 በበርሊን ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደ ሰው ነው። በ1920 በደቡብ ጀርመን ዛሌም በሚባል ስፍራ አዳሪ ትምህርት ቤት በማቋቋም ሥራ ዋና ሆኖ ተሰለፈ። በ1932 በነሐሴ ወር የናዚ ወገን የሆኑ ሰዎች ፖቴምፓ በምትባል መንደር በሌሊት ወደ አንድ ሠራተኛ ቤት ገብተው ሰውየውን በእናቱ ፊት ደብድበው ገደሉት። ፍርድ ቤትም በአምስቱ ላይ የሞት ፍርድ በፈረደ ጊዜ ሂትለር ከጎናቸው መቆሙን የሚገልጽ ቴሌግራም ላከላቸው።

ያን ጊዜ ብዙ የተማረ ሰው ነገሩን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሐን ግን ለቀድሞ ተማሪዎቹ ደብዳቤ ጻፈ። ከናንተ መካከል የናዚ ጭፍሮች አባል የሆናችሁ ካላችሁ፥ ወይ ከሂትለር ወይ ከዛሌም ተለዩ፥ ለሁለቱም መታመን አይቻልም የሚል ነበር የደብዳቤው መንፈስ። ሂትለር ሥልጣን በያዘ ጊዜ፥ በ1933 ሐን ታሰረ። የእንግሊዝ ወዳጆቹ ስለ እርሱ ስለ ተናገሩለት ተፈታና ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል። ይህ መምህር ለተመራቂዎቹ ሲጽፍ ደመወዛችሁ ስንት ነው፥ ማዕረጋችሁስ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቃቸውም። ጎረቤታችሁ በግፍ ሲገደል ከማን ጋር ቆማችኋል? ብሎ ነው የጠየቃቸው። የዓለም ዜግነት ፈተናው በእንዲህ ያለ ቀን ይመጣል፤ የሚመጣውም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከራስ ወገንና ከራስ ጓደኛ ነው። የባዕድን ክፋት ማውገዝ ቀላል ነው። የገዛ ወገን ሲያጠፋ «ይህስ አይሆንም» ማለት ግን የሰው ልክ የሚታወቅበት ነው።

ባሕር ዳር ቆመው የሚጠብቁ ልጆች

ሐን በ1955 በፓሪስ ከተማ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች የጦር መኰንኖች የሚማሩበትን ኮሌጅ ጎበኘ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እርስ በርሳቸው ሲተኳኰሱ የነበሩ መኰንኖች በአንድ ገበታ ተቀምጠው ሲወያዩ አየ። መኰንኖቹ ይህን ከቻሉ፥ ወጣቶች ጠላትነት ሳይጀምራቸው ለምን አብረው አይማሩም? ሲል አሰበ። ከዚህም ሐሳብ የተነሣ በ1962 አትላንቲክ ኮሌጅ የሚባለው ትምህርት ቤት በዌልስ ጠረፍ በአንድ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ተከፈተ። የዓለም ኅብረት ኮሌጆች የሚባሉት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ ዛሬ ቍጥራቸው 18 ደርሷል።

በዚያ ጠረፍ የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጐድል ልዩነቱ እጅግ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ለዋናተኛና ለትንሽ ጀልባ አደገኛ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከትምህርታቸው ጋር የነፍስ አድን ሥራ ይለማመዱ ጀመር። ጀልባቸው በአየር የሚነፋ የላስቲክ ጀልባ ነበር፤ ታችኛው ክፍሉ በጠጠሩ እየተፋቀ ያልቅባቸዋል። የኮሌጁ የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት ጡረተኛው የባሕር ኀይል አድሚራል ዴዝሞንድ ሆር ከተማሪዎቹ ጋር ሆነው ብዙ ሙከራ አደረጉ። በመጨረሻም ታችኛው ጠንካራ፥ ጎንና ጎኑ በአየር የተነፋ አዲስ ዓይነት ጀልባ ሠሩ።

ይህ ጀልባ ማዕበል የማይበግረው ፈጣን ጀልባ ሆኖ ተገኘ። የፈጠራው ባለቤት ገበያ ቢያወጣው ብዙ ገንዘብ ባገኘበት ነበር። አድሚራሉ ግን መብቱን ለእንግሊዝ የባሕር ነፍስ አድን ድርጅት በአንድ ፓውንድ ብቻ ለቀቁለት። ዛሬ በየባሕሩ ሰው ከመስጠም የሚያወጡት ጀልባዎች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ነገር እናስተውል። እነዚያ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ወጣቶች ስለ ዓለም ሰላም ብዙ ተከራክረው ይሆናል። ዓለምን የጠቀሙት ግን ደጃቸው ያለውን ባሕር በመጠበቃቸው ነው። በአንድ ጠረፍ ላይ ለሚሰጥም ለአንድ ጎረቤት ሲሉ የሠሩት ጀልባ ለዓለም ሁሉ ተረፈ።

በአፍሪካም የዚህ ወገን የሆነ ትምህርት ቤት አለ። በ1963 በስዋዚላንድ፥ ዛሬ ኤስዋቲኒ በምትባለው አገር፥ ዋተርፎርድ የሚባል ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በጎረቤቲቱ በደቡብ አፍሪካ ጥቍርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ሕግ ይከለክል ነበር። ዋተርፎርድ ግን የጥቍሩንም የነጩንም የሕንዱንም ልጅ በአንድ ማዕድ አቀመጠ። የስዋዚ ንጉሥ ዳግማዊ ሶቡዛም «ካምህላባ» የሚል ስም ሰጡት፤ የምድር ሁሉ ልጆች መሆንን የሚያመለክት ቃል ነው። ኔልሰን ማንዴላ በእስር ቤት ሳሉ ልጆቻቸው የተማሩት በዚያ ነው። ያ ትንሽ ትምህርት ቤት ጦር አላዘመተም፤ ነገር ግን አይቻልም የተባለው ነገር እንደሚቻል ከድንበሩ ማዶ ላለው ሕዝብ በየቀኑ ያሳይ ነበር።

ከኛ ወገንስ ማን አለ?

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እናስታውሰዋለን።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ ቻርልስ ማርቲን የሚል ስምም ወጣለት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ በላሆር ከተማ ሕክምና ተማረ፤ በስኮትላንድም ትምህርቱን ጨመረ፤ በበርማም በሐኪምነት ሠራ። ስሙም ኑሮውም እንግሊዛዊ ሆኖ፥ የእናቱ ቋንቋ ከአፉ ጠፍቶ ነበር። የተደላደለ ሥራ ነበረውና እዚያው ቢቀር የሚወቅሰው አልነበረም።

ነገር ግን ከዐድዋ ድል በኋላ አገሩን ሊፈልግ ተነሣ። መጣም፤ ዘመዶቹም አወቁት። ከዚያም በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ያላቸውን ሁሉ ለወገናቸው አዋሉት። በሽተኛ አከሙ፤ በ1925 በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኀላፊነት ሠሩ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የጨርጨርን አውራጃ አስተዳደሩ፤ የዓለምን መልክዐ ምድር የሚያስረዳ መጽሐፍም በአማርኛ አሳተሙ። ኢጣልያ በወረረችን ጊዜ ደግሞ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ የአገራቸውን አቤቱታ በዚያ በባዕድ አገር በተማሩት እንግሊዝኛ አሰሙ። በ1952 ዐረፉ።

ለሐኪም ወርቅነህ የእንግሊዝኛው ትምህርት ከወገን የሚለይ አጥር አልሆነባቸውም፤ የሚያሻግር ድልድይ አደረጉት እንጂ። የጠፋባቸውንም ቋንቋ በጐልማሳነታቸው መልሰው ለመያዝ አላፈሩም። ሦስት ቋንቋ እያወቀ ለአያቱ መልስ ያጠረው ወጣት ከሳቸው የሚማረው ብዙ ነው፤ ዕድሜው ገና ነውና።

ሁለተኛም ምሳሌ አለን። በ1964 የያኔው የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ሄደው እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኛዎቹ የሄዱት በመምህርነት ነው። የከተማ ልጅ ጭቃ ረግጦ፥ ከገበሬ ጎጆ ጎን ተከራይቶ፥ ለዳስ ተማሪዎች ፊደልና ሒሳብ አስተማረ። ብዙዎቹም አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቋት ያን ጊዜ ነው። ደንቡ ከጊዜ በኋላ ቀርቷል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም። አገሩን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዓለምን አውቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ከተመራቂው የሚጠበቀው

አንዳንድ ሰው «የዓለም ዜጋ ነኝ» ሲል የትም ግዴታ የለብኝም ማለቱ ይሆናል። ፓስፖርቱን እንደ ባለብዙ በር ቤት ቍልፍ ይቈጥረዋል፤ አንዱ ክፍል ሲያፈስ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህ «ከራስ በላይ ነፋስ» ከሚለው ተረት ያለፈ ጥበብ የለውም። ሌላው ደግሞ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ይዞ፥ ከወንዜ ማዶ ያለው ሰው አያገባኝም ይላል። ነገር ግን ተረቱ ሩቁን ጥላ አላለም፤ በቅርቡ ጀምር ማለቱ ነው። በዛሬውም ዘመን ሩቁ ቀርቧል። በአንድ አገር የተነሣ በሽታ በወራት ውስጥ ዓለምን ሁሉ በር እንዳዘጋ በ2020 ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ ለተመራቂው ጥቂት ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን።

መጀመሪያ፥ የእናትህን ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ተማር። ይህን የምንለው ለኩራት ብቻ አይደለም። በሽተኛው ሕመሙን፥ ገበሬው በደሉን የሚነግርህ በራሱ ቋንቋ ነውና፥ ካልሰማኸው ልትረዳው አትችልም።

ሁለተኛ፥ ቃልህን ጠብቅ። በጄኔቭ የተጻፈው ቃል ባለመጠበቁ አገራችን ምን እንደ ደረሰባት አትርሳ። የዛሬ ወጣት ቃሉን የሚፈትንበት ቦታ ብዙ ነው፤ ያልተጣራ ወሬ ከእጁ ስልክ ወደ ሺህ ሰው ከመላኩ በፊት ቆም ብሎ እውነት ነው ወይ? ብሎ መጠየቅ አንዱ ነው። የአንድ ወገን ሰው ሌላውን ሲያንቋሽሽ እያዩ ዝም ማለትም እንደ መተባበር ይቈጠራል።

ሦስተኛ፥ ሥራ ይዘህ በመሥሪያ ቤት በተቀመጥህ ጊዜ መስኮትህን አስተውል። ጉዳዩን ለማስፈጸም ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ባላገር ፊትህ ይቆማል። በስብሰባ ላይ ስለ ሰው ልጅ መብት ባማረ እንግሊዝኛ ተናግረህ፥ ለዚህ ሰው ቀና ብለህ ሳታይ «ነገ ተመለስ» ብትለው ንግግርህ ከንቱ ነው። የዓለም ዜግነትህ ከሁሉ በፊት በዚያች መስኮት ይለካል።

አራተኛ፥ በውጭ አገር መኖር ቢያጋጥምህ፥ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም፥ ለምትኖርበት ከተማ ጥሩ ጎረቤት ሁን፤ የወጣህበትንም ደጅ አትርሳ። ዕውቀትህን በዓመት ለጥቂት ሳምንት እንኳ ለአንድ ሆስፒታል ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ብታካፍል፥ ገንዘብ ብቻ ከምትልክ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐኪም ወርቅነህም ወደ አገራቸው ሲመጡ ይዘውት የመጡት ትልቁ ሀብት ሙያቸው ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ፈጽም የሚል የለም። የአትላንቲክ ኮሌጅ ተማሪዎች የዓለምን ባሕር ሁሉ እንጠብቅ ብለው አልተነሡም፤ ደጃቸው ካለው ጠረፍ ጀመሩ። ያንተም ጠረፍ ሩቅ አይደለም፤ ከቤትህ እስከ መሥሪያ ቤትህ ባለው መንገድ ላይ ይገኛል። የሰፈርህን ዘበኛ ስም ታውቃለህን? ልጁስ ስንተኛ ክፍል ነው? ሒሳብ የሚያስጠናው ሰው አለውን?

እንግዲህ በመጪው ሰኔ ካባ የምትለብሱ ወጣቶች ሆይ፥ ነጠላ የለበሱት አያታችሁ ጉንጫችሁን ስመው «ምን ሆንክ? ምን ሆንሽ?» ብለው ሲጠይቁ ዘወር አትበሉ። የተቀበላችሁትን የወረቀት ስም መናገር አያስፈልጋችሁም፤ እሳቸውም የጠየቁት እሱን አይደለም። ዝቅ ብላችሁ ጉልበታቸውን ሳሙና በራሳቸው ቋንቋ፥ «እማማ፥ ለሰው የምጠቅም ሆንኩ» በሏቸው። ከዚያም በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ ይህን ቃል እውነት ለማድረግ ሥሩበት።